ትሬለር፦ ፊልሙን ሳያሳይ ፊልሙን የሚሸጠው ሁለት ደቂቃ ተኩል

ሰዎች ከሲኒማ ቤት ሲወጡ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ «ትሬለሩ ይሻል ነበር።» ቅሬታው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የተሳሳተው ከቅሬታው ጀርባ ያለው ግምት ነው፤ ትሬለር የፊልሙ ናሙና ነው የሚለው። ጨርቅ ነጋዴ ናሙና የሚያሳየው ከጣቃው ላይ ቀድዶ ነው፤ ቁራጩን ያየ ጣቃውን አየ ማለት ነው። ትሬለር እንዲህ አይደለም። የፊልሙ ክር ተተርትሮ፣ በሌላ ሸማኔ እጅ፣ በሌላ ጥለት እንደገና የተሸመነ ሌላ ጨርቅ ነው። የሚያዛምዳቸው ክሩ ብቻ ነው።

ትሬለር ምንድን ነው? ቲዘርስ?

ትሬለር ለአንድ ፊልም ተመልካች ለመሳብ የሚሠራ አጭር ማስታወቂያ ነው። ሙሉው ትሬለር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይረዝማል፤ የታሪኩን መነሻ፣ ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያትና የፊልሙን ዓይነት ያስተዋውቃል። ቲዘር ከዚያ ያጠረ ነው፤ ፊልሙ ሊወጣ ብዙ ወራት ሲቀሩት፣ አንዳንዴም ዓመት ቀደም ብሎ ይለቀቃል። ታሪክ አይተርክም። «እየመጣሁ ነው» ብሎ ይሄዳል። ለቴሌቪዥን ደግሞ የ15፣ የ30 እና የ60 ሰከንድ ቁርጥራጮች ይዘጋጃሉ።

ስሙ ግር ይላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ከኋላ የሚጎተት ነገር ማለት ነው፤ የከባድ መኪና ተሳቢም በዚሁ ስም ይጠራል። ከፊልሙ በፊት የሚታይ ነገር ለምን ተሳቢ ተባለ? መጀመሪያ ላይ ከፊልሙ በኋላ ይታይ ስለነበር ነው። የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ትሬለር በ1913 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ የተሠራ ነው፤ የማርከስ ሎው ሲኒማ ቤቶች የማስታወቂያ ሰው የነበረው ኒልስ ግራንሉንድ ለአንድ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔት ያዘጋጀው አጭር ፊልም። ችግሩ ታዳሚው ዋናው ፊልም እንዳለቀ ተነሥቶ መሄዱ ነበር። ማስታወቂያው ወደ ፊት መጣ፤ ስሙ ግን እዚያው ኋላ ቀረ።

ትሬለሩን የሚሠራው ማነው?

ብዙ ሰው ዳይሬክተሩ ይመስለዋል። በትልልቅ ስቱዲዮዎች አሠራር ግን ሥራው የማስታወቂያ ክፍሉ ነው፤ ክፍሉም ለዚሁ ብቻ ለተቋቋሙ የትሬለር ድርጅቶች ይሰጠዋል። ለአንድ ፊልም ሁለትና ሦስት ድርጅቶች የሚወዳደሩበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ፊልሙን የፍቅር ታሪክ አድርጎ፣ ሌላው የወንጀል ታሪክ አድርጎ ቆርጦ ያመጣል። ስቱዲዮው ገበያ ያዋጣል ያለውን ይወስዳል፤ ከአንዱ መክፈቻውን፣ ከሌላው ሙዚቃውን ወስዶ ማዳቀልም የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ጊዜው ነው። ትሬለር ሲጀመር ፊልሙ ብዙውን ጊዜ አላለቀም። የትሬለሩ ኤዲተር እጅ ላይ ያለው የየቀኑ ጥሬ ቀረጻ ወይም ገና ያልተስተካከለ ቅንብር ነው። በኮምፒውተር የሚሠራው ጭራቅ በዚያን ሰዓት ተዋናዩ ዐይኑን እንዲያሳርፍበት ዱላ ጫፍ ላይ የተሰካ ኳስ ነው። የፊልሙ ሙዚቃ አልተደረሰም። «ትሬለሩ ላይ ያየሁት ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ የለም» ከሚሉ ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዚህ ይመነጫሉ፦ ትሬለሩ ከወጣ በኋላ የፊልሙ ኤዲተር ያንን ትዕይንት ቆርጦ ጥሎታል።

መጠኑን ለመገመት ትንሽ ስሌት ይረዳል። ፊልም በሰከንድ 24 ነጠላ ምስሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ፍሬም ይባላሉ። የሁለት ሰዓት ፊልም 172,800 ፍሬም ነው። የሁለት ደቂቃ ተኩል ትሬለር 3,600። ከ48 ፍሬም አንዷ ብቻ ታልፋለች ማለት ነው፤ የትኛዋ እንደምታልፍ መምረጥ ነው ሥራው።

በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ምን ይከናወናል?

አንድ የምናብ ፊልም እንውሰድ። አንዲት ሴት የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ስልክ ተቀባይ ናት። አንድ ሌሊት ከሦስት ዓመት በፊት ከሞተው ወንድሟ ስልክ ይደወላል። ትሬለሩ ይህን እንዴት ይቆርጠዋል?

የመጀመሪያዎቹ 30 እና 40 ሰከንዶች ለሰላሙ ዓለም ናቸው። ጨለም ያለ ቢሮ፣ ጆሮ ማዳመጫ፣ የሥራ ባልደረባ ቀልድ። እዚህ ሾቶቹ ረዘም ይላሉ፤ ሾት ማለት ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ቁራጭ ነው፤ በዚህ ክፍል እያንዳንዱ ሦስትና አራት ሰከንድ ሊቆይ ይችላል። ተመልካቹ ሴትዮዋን መውደድ አለበት፤ ለማያውቃት ሰው ማንም አይጨነቅም። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል። ሙዚቃው ይቋረጣል። «እህቴ፣ እኔ ነኝ።» ጥቁር።

ይህ ጥቁር በዘፈቀደ የገባ አይደለም። ከኋላው ያለው ሁሉ ሌላ ክፍል መሆኑን የሚናገር በር ነው። ቀጥሎ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ድረስ ጥያቄው ይወሳሰባል። አለቃዋ አያምናትም። «ያ ቁጥር ተዘግቷል» ይላታል። ፖሊስ ይመጣል። አንድ ፋይል ይከፈታል፣ አንድ በር ይዘጋል። ሾቶቹ ወደ ሁለትና አንድ ሰከንድ ያጥራሉ፤ በመካከላቸው በጥቁር ላይ አጫጭር ጽሑፎች ይወጣሉ። ሙያተኞቹ ካርድ የሚሏቸው እነዚህ ጽሑፎች ከሦስት እስከ አምስት ቃል ባይበልጡ ይመረጣል። አንድ ካርድ ምን ያህል ይቆይ? ጥሩው መለኪያ ኤዲተሩ ራሱ ጽሑፉን ሳይጣደፍ ሁለቴ የሚያነብበት ጊዜ ነው፤ እሱ ቃሉን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ለእሱ ሁለቴ የበቃው ለአዲስ አንባቢ አንዴ ይበቃል።

ሦስተኛው ክፍል ጡዘቱ ነው። ሾቶቹ 12 ፍሬም፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 6 ይሆናሉ፤ 6 ፍሬም ሩብ ሰከንድ ነው። በዚህ ፍጥነት ዐይን ታሪክ አይከተልም፤ የሚይዘው ሩጫ፣ እሳት፣ የተከፈተ አፍ ብቻ ነው። ኤዲተሮች ለዚህ ክፍል የሚመርጧቸው ሾቶች አንድ ጠባይ አላቸው፦ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ ያውም ከማዕቀፉ መሐል አካባቢ። ዐይን ከሾት ወደ ሾት ሲዘል ቦታ መፈለግ ካለበት ሩብ ሰከንዱ በፍለጋ ያልቃል። ጡዘቱ ያለ ምክንያት ሲያደናግር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ሳይሆን የዐይን መንገዱ ነው የተሳሳተው።

ከጡዘቱ ጫፍ ላይ ድንገተኛ ጸጥታ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ስልኩን እንዳትዘጊው።» የፊልሙ ርዕስ ይወጣል።

አለቀ ሲባል አንድ ነገር ይጨመራል። ከርዕሱ በኋላ የምትመጣዋ አምስት ወይም ስምንት ሰከንድ በሙያው ቁልፍ፣ የልብስ ቁልፍ ማለት ነው፣ ትባላለች፤ ኮቱን የምትቆልፈው የመጨረሻዋ። ኮሜዲ ከሆነ ምርጡ ቀልድ፣ አስፈሪ ከሆነ የመጨረሻው ድንጋጤ እዚያ ይቀመጣል። ሰው ተነፈስኩ ሲል የምትመጣ ስለሆነች፣ ስለ ትሬለሩ ለጓደኛው ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣት እሷን ነው። ቀጥሎ ቀኑ ይወጣል። ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ከቁልፏ በኋላ መምጣቱ የሰው ትኩረት ሳይበተን እንዲነበብ ነው።

ያልተባለ ነገር እንዴት ይባላል?

የትሬለር ሥራ ስሱ ጥበብ ይህ ነው፤ ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አለቃው «ያ ቁጥር ተዘግቷል» ሲላት በትሬለሩ የሷ ፊት ሲገረጣ እናያለን። በፊልሙ ውስጥ ግን ይህ ንግግር 12ኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ አለቃው የሚያወራው ሒሳቡ ስላልተከፈለ ስለተዘጋ የቢሮ መስመር ነው፤ ሙሉ ንግግሩም «ያ ቁጥር ተዘግቷል፣ ነገ ይከፍቱታል» የሚል ነው። የገረጣው ፊት ደግሞ 70ኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ እናቷ መታመሟን ስትሰማ። ሁለቱ ትዕይንቶች አንድ ክፍል ውስጥ አልተቀረጹም፤ በአንድ ቀንም አልተቀረጹም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ምክንያትና ውጤት ሆኑ።

ለምን እናምናለን? በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ስሜት የሌለው ፊት ከተለያዩ ምስሎች ጋር እያቀናጀ አሳይቷል፤ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ ከሬሳ ሳጥን ጋር። ተመልካቾች በዚያው ፊት ላይ አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አዩ። ፊቱ አንድ ነበር። ትርጉሙን የሰጠው ከጎኑ የተቀመጠው ነው። ትሬለር በዚህ አንድ ሕግ ላይ የቆመ ቤት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ኤዲተሩ የንግግሩን ጽሑፍ በሙሉ አንብቦ ብቻውን ሲቆም ሌላ ትርጉም የሚሰጥ ሐረግ ይፈልጋል። ሐረጉን ሲቆርጥ በትንፋሽ ላይ ይቆርጣል፤ ከትንፋሹ በፊት ከቆረጠ የቃሉ ጅራት ይጎዳል፤ ጆሮ ምን እንደጎደለ ባያውቅም መጉደሉን ያውቃል። ከዚያ ከንፈሩን ይደብቃል፦ ንግግሩ ሲሰማ ካሜራው የሚያዳምጠውን ሰው፣ ወይም የተናጋሪውን ጀርባ፣ ወይም ጭራሽ ሌላ ቦታ ያሳያል። በመጨረሻ የክፍሉን ድምፅ ያመሳስላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ እስትንፋስ አለው፤ የማቀዝቀዣ ጉምጉምታ፣ የግድግዳ ማሚቶ። ከቢሮ የተወሰደ ድምፅ ከኮሪደር ድምፅ ጋር ሲሰፋ ስፌቱ ይሰማል። ሙዚቃው ከንግግሩ ሥር የማይነሣው ለስሜት ብቻ አይደለም፤ ስፌቱን ለመሸፈንም ነው።

ድምፁ ለምን ሆድ ውስጥ ይገባል?

በሽመናው ቋንቋ ከቀጠልን፣ በትሬለር ድሩ ድምፅ ነው፣ ማጉ ምስል። ብዙ ኤዲተሮች መጀመሪያ የሚዘረጉት ሙዚቃውንና ንግግሩን ነው፤ ምስሉ በላዩ ላይ ይወረወራል። ጨርሶ ሳያዩ ቢሰሙት ታሪኩ የሚገባ ትሬለር በትክክል የተዘረጋ ነው።

ሙዚቃው ብዙውን ጊዜ ከፊልሙ አይደለም። የፊልም ሙዚቃ ከሚጠናቀቁት የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ በመሆኑ ትሬለሩ ሲቆረጥ የለም። ስለዚህ ለትሬለር ብቻ ሙዚቃ የሚደርሱ ድርጅቶች አሉ። የሚያስረክቡትም በንብርብር ነው፤ ከበሮው ለብቻ፣ ባለ ክር መሣሪያዎቹ ለብቻ፣ ድምፃውያኑ ለብቻ፤ ኤዲተሩ እንዳስፈለገው አንዱን ዝም አሰኝቶ ሌላውን ያስጮኻል። ሙዚቃው አስቀድሞ ሦስት ደረጃ ኖሮት ይጻፋል፦ ዝግታ፣ መነሣት፣ ፍንዳታ። ከትሬለሩ ሦስት ክፍሎች ጋር የሚገጥመው በአጋጣሚ አይደለም።

በላዩ የሚጨመሩት ድምፆች ጥቂት ናቸው፤ ግን አብዛኛው ትሬለር ውስጥ አሉ። እየወጣ የሚሄድ ጩኸት፣ ጆሮ ማለቂያውን እንዲጠብቅ የሚያደርግ። ከባድ ምት፣ መቁረጫው ላይ የሚያርፍ። የሚነፍስ «ፉው» የሚል ድምፅ፣ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው የሚያሻግር። ከ2010 በኋላ ደግሞ ወፍራም የጥሩምባ ጩኸት የመሰለ፣ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ተስፋፋ፤ ለብዙ ዓመታት ሁሉም ሰው ተጠቀመበት፤ ዛሬ ሲሰማ የሚያስደነግጥ ሳይሆን የሚያስቅ እስኪሆን። በዚያው ዓመት ገደማ ሌላ ልማድ ሥር ሰደደ፦ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ፈጣን ዘፈን በዝግታና በጸጥታ ማዘፈን። የሚሠራው ግማሹ ሥራ አስቀድሞ ስላለቀ ነው፤ ዜማው የሚታወቅ በመሆኑ ጆሮ ይቆማል፤ አዘፋፈኑ እንግዳ በመሆኑ ይጨነቃል።

ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ግን ጸጥታ ነው። ምት ኃይል የሚኖረው ከፊቱ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። አንድ ሰከንድ ሙሉ ምንም ሳይሰማ ካለፈ ታዳሚው ትንፋሹን ይይዛል፤ ከዚያ የሚመጣ ሹክሹክታ እንኳ እንደ ጩኸት ይሰማል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በየሦስት ሰከንዱ ምት ይጨምራሉ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጆሮ ይደነዝዝና ጡዘቱ ከመክፈቻው የማይለይ ይሆናል።

ስለ ጩኸት ከተነሣ፦ በአሜሪካ «ትሬለር ጆሮ ያደነቁራል» የሚል ቅሬታ በዝቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንዱስትሪው የድምፅ ጣሪያ አውጥቷል፤ በኋላም አማካዩ ከ85 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት ሲኒማ ቤቶች ለትሬለሩ ድምፁን ይቀንሱና ሳይመልሱት ዋናው ፊልም በሹክሹክታ ይጀምር ነበር።

ያ ወፍራም የወንድ ድምፅ የት ሄደ?

በ1980ዎቹና 90ዎቹ ትሬለር ሲባል «በአንድ ዓለም ውስጥ…» ብሎ የሚጀምር ጥልቅ የወንድ ድምፅ ነበር። የድምፁ ባለቤት በ2008 ያረፈው ዶን ላፎንቴን ሲሆን ከ5,000 በላይ ትሬለሮችን በድምፁ አንብቧል። ሐረጉ ሰነፍ ይመስላል፤ ሥራው ግን ከባድ ነበር፤ በሦስት ሰከንድ ተመልካቹን ከሚኖርበት ዓለም አውጥቶ ሌላ ዓለም ውስጥ ይከተዋል። ዛሬ ያንን ሥራ ካርዶችና ከየትዕይንቱ የተሰበሰበ የተዋናዮች ንግግር ይሠሩታል። ተመልካቹ ድምፁን ከማስታወቂያ ጋር ማያያዝ ስለጀመረ፣ ማስታወቂያ መሆኑ የማይታወቅበት መንገድ ተመረጠ።

አእምሯችን ላይ የሚሠራውስ ምንድን ነው?

እንቆቅልሽ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ጠያቂው ምንም ፍንጭ ካልሰጠ ጨዋታ የለም፤ ሁሉን ከነገረም የለም። በ1994 የምጣኔ ሀብትና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሎዌንስታይን ጉጉትን ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነው፦ ጉጉት የሚነሣው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት ሲታየን ነው። ጭራሽ ለማናውቀው ነገር አንጓጓም። ስለዚህ ትሬለር መጀመሪያ ይሰጣል፣ ከዚያ ይነፍጋል። ከሞተ ወንድም ስልክ መደወሉን ይሰጣል፤ ማን እንደደወለ ይነፍጋል። ሁለቱንም የሚነፍግ ትሬለር ውበት ብቻ ይቀረዋል፤ ሰው «ምስሉ ደስ ይላል» ብሎ ይረሳዋል።

ሁለተኛው ጉልበት መደጋገም ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ በ1968 ባወጣው ጥናት ሰዎች አንድን ነገር ደጋግመው ማየታቸው ብቻውን እንዲወዱት እንደሚያደርግ አሳይቷል። ቲዘር፣ አንደኛ ትሬለር፣ ሁለተኛ ትሬለር፣ የ30 ሰከንድ ቁራጭ እያለ የሚመጣው ሰልፍ ለዚህ ነው። የፊልሙ ስም በሚወጣበት ቀን እንግዳ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያምነውን ነገር መበደር ነው። የታወቀ ተዋናይ ፊት በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይገባል። የፊልሙ ዓይነትም ይበደራል፤ ቀይ ቀሚስና ዝናብ ፍቅር ነው፣ የሚወዛወዝ አምፖል ሽብር ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው «ከእገሌ ፊልም ፕሮዲውሰሮች» የሚለውን ካርድ ነው። አንድ ፊልም ብዙ ፕሮዲውሰሮች ሊኖሩት ይችላል፤ ከነሱ አንዱ በአዲሱ ፊልም ውስጥ መኖሩ ለካርዱ ይበቃል። የተወደደው ፊልም ደራሲም ዳይሬክተርም እዚህ ላይኖሩ ይችላሉ። ከሃያሲ ጽሑፍ የተወሰደች አንዲት ቅጽል፣ ከፊትና ከኋላ ነጠብጣብ ይዛ ስትወጣም እንዲሁ ነው፤ ነጠብጣቡ ውስጥ «ግን» ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

ታሪኩን ሁሉ ከነገሩን ለምን እንገባለን?

ይህ የዘመኑ ትልቁ ቅሬታ ነው። ሻጮቹ የሚሰጡት መልስ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፦ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ምን እንደሚያገኝ ሲያውቅ ነው። የ2000 ፊልም የሆነው «ካስት አዌይ» ትሬለሩ ላይ ጀግናው ከደሴቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ያሳይ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ ሲጠየቅ ተመልካች ሊያይ የሚሄደውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል ብሎ ተሟግቷል። በ2011 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናትም የታሪኩ ፍጻሜ አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ታሪኩን በአማካይ ይበልጥ እንደወደዱት አግኝቷል። ጥናቱ በአጫጭር ልብወለዶች ላይ እንጂ በፊልም ላይ አልነበረም፤ ይህን ልዩነት ማስታወስ ተገቢ ነው።

በሙያው ያለው ልማዳዊ ጥንቃቄ የፊልሙን የመጨረሻ አንድ ሦስተኛ አለመንካት ነው። የሚጣሰው ግን በየጊዜው ነው፤ ምክንያቱም ውዱ ፍንዳታ፣ ትልቁ ውጊያ፣ የሚያስለቅሰው ስንብት ያሉት እዚያ ነው።

ትሬለር ሊዋሽ ይችላል?

ይችላል፤ አንዳንዴም ለተመልካቹ ሲል ይዋሻል። በ1960 ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» ለተባለው አስፈሪ ፊልሙ የሠራው ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ትሬለር ከፊልሙ ትዕይንት የለበትም ማለት ይቻላል፤ ራሱ የፊልሙን ቤት እየዞረ ያስጎበኛል። መጨረሻ ላይ የገላ መታጠቢያውን መጋረጃ ሲገልጥ የምትጮኸው በፊልሙ በዚያ ቦታ ያለችው ተዋናይት ጃኔት ሊ ሳትሆን ሌላዋ ተዋናይት ቬራ ማይልስ ናት። በ2017 የወጣው የ«አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ትሬለር ግዙፉ ሐልክ ከሌሎቹ ጋር በሜዳ ሲሮጥ ያሳያል፤ ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የሁለቱም ዓላማ ምስጢር መጠበቅ ነበር።

ሌላው ዓይነት ውሸት የፊልሙን ዓይነት መለወጥ ነው፤ በዝግታ የሚሄድ ሐዘንተኛ ፊልም ውስጥ ያሉትን ሦስት የመኪና ትዕይንቶች ሰብስቦ የድብደባ ፊልም ማስመሰል። ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚቻል በ2005 አንድ ኤዲተር ለውድድር ብሎ በሠራው የቀልድ ትሬለር አሳይቷል። «ዘ ሻይኒንግ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ምስሎች ወስዶ፣ ደስ የሚል ተራኪና ሞቅ ያለ ዘፈን ጨምሮ ስለ አባትና ልጅ የሚተርክ የቤተሰብ ኮሜዲ አደረገው። ሰፊው ሕዝብ ትሬለር በምን እንደሚሠራ የተማረው ከዚያች ቀልድ ይመስለኛል።

በሕግ በኩልም ጥያቄው ተነሥቷል። «የስተርዴይ» በተባለው የ2019 ፊልም ትሬለር ላይ ተዋናይት አና ደ አርማስ ትታያለች፤ ከፊልሙ ግን ተቆርጣለች። ሁለት ተመልካቾች 3.99 ዶላር ከፍለው ተከራይተው ሲያጧት በካሊፎርኒያ ከሰሱ። ስቱዲዮው ትሬለር የጥበብ ሥራ ስለሆነ ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት ይጠብቀዋል ሲል ተከራከረ። የፌዴራል ዳኛው በታኅሣሥ 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሰጡት ብይን ትሬለር የንግድ ንግግር ነው፣ በአሳሳች ማስታወቂያ ሊያስጠይቅ ይችላል አሉ። ብይኑን ግን ጠበብ አደረጉት፦ ጥያቄው አንድ ተዋናይ ወይም ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚል ሲሆን እንጂ «የጠበቅሁትን ያህል አላስደሰተኝም» ለሚል ቅሬታ አይሠራም።

መጀመሪያ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ሰሌዳስ?

የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ማኅበር ትሬለሩን አይቶ ማለፉን የሚያመለክት ነው። አረንጓዴው አብሮት ለሚታየው ፊልም ታዳሚ ተስማሚ ነው ማለት ሲሆን፣ ቀዩ ደም፣ ስድብ ወይም እርቃን ስላለበት ለአዋቂዎች ብቻ ነው። ርዝመትም በዚሁ ይወሰናል፤ የሁለት ደቂቃ ተኩሉ ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። የአሜሪካ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር በ2014 መጀመሪያ ላይ፣ ትሬለር ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ፊልሙ ሊወጣ ከ150 ቀን በላይ ሲቀረውም እንዳይታይ የሚል መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ በፈቃደኝነት የሚከበር እንጂ አስገዳጅ አልነበረም።

ስልክ ላይ ሲታይ ምን ተለወጠ?

ሲኒማ ቤት ውስጥ ታዳሚው ወንበሩ ላይ ነው፤ መሸሻ የለውም። ስልክ ላይ አውራ ጣት አለ። ከ2016 ገደማ ጀምሮ ብዙ ትሬለሮች ከመጀመራቸው በፊት የራሳቸውን አምስት ሰከንድ ትሬለር ያሳያሉ፤ ፍንዳታ፣ ጩኸት፣ ርዕስ፣ «ትሬለሩ አሁን ይጀምራል»። ለሚያናድደው ሰው ምክንያቱ ይህ ነው፦ ማስታወቂያ መዝለያው አምስት ሰከንድ ላይ ይመጣል። ድምፅ ጠፍቶ የሚያይም ብዙ ስለሆነ ካርዶቹ ገዝፈዋል፤ የንግግር ጽሑፍም ምስሉ ላይ ይታተማል። ለቁም ስልክ ሲቆረጥ የጎኖቹ ምስል ስለሚጠፋ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚያወራበት ትዕይንት አይሠራም፤ የአንድ ሰው ፊት ይመረጣል።

ትሬለር ሲበላሽ እንዴት ነው የሚበላሸው?

በብዛት የሚበላሸው በስስት ነው። ኮሜዲ ሆኖ ስድስት ጥሩ ቀልድ ካለው ስድስቱም ይገባሉ፤ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ያወቀውን ቀልድ በዝምታ ያሳልፋል። ቀጥሎ የሚመጣው የተሳሳተ ሰው መጥራት ነው። የድብደባ ፊልም ተብሎ የተሸጠ ዝግተኛ ፊልም የመጀመሪያውን ቅዳሜና እሁድ ይሞላል፤ ከዚያ ግን ወሬው ይዞራል፤ ፊልሙን ሊወዱት የሚችሉት ሰዎች ደግሞ «ለእኔ አይደለም» ብለው ቀርተዋል።

አንዳንዴ ግን መበላሸቱ ፊልሙን ያድነዋል። በሚያዝያ 2019 የ«ሶኒክ» ፊልም ትሬለር ሲወጣ ተመልካቹ የሰማያዊውን ገጸ ባሕርይ መልክ፣ በተለይ ሰው የሚመስሉትን ጥርሶቹን፣ አምርሮ ነቀፈ። ዳይሬክተሩ በቀናት ውስጥ እንደሚለወጥ አስታወቀ፤ ፊልሙም ከኅዳር 2019 ወደ የካቲት 2020 ተሸጋግሮ በአዲስ መልክ ወጣ፤ ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ትሬለሩ ሳይታሰብ የሙከራ ማሳያ ሆነ።

ትኬት ከመቁረጤ በፊት ምን ልይ?

ትሬለሩን አንዴ እንደ ማንም ይዩት። ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው ይድገሙት፤ ሙዚቃው የሸፈነው ሁሉ ይገለጣል፤ ውጥረት የመሰለው ትዕይንት ሁለት ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሳይቆረጥ አራት ሰከንድ የቆየ፣ ተዋናይ በእውነት ሲጫወት የሚታይበት ሾት ይፈልጉ፤ አንድም ከሌለ ኤዲተሩ ሊያሳየው ያልፈለገው ነገር ይኖራል። ልብሱንና ቦታውን ያስተውሉ፤ ሁሉም ሾቶች በሁለት ልብስና በሁለት ክፍል ውስጥ ከሆኑ ያዩት የፊልሙን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቀሪው ተደብቆልዎታል።

በመጨረሻ አንድ ቁልፍ ንግግር ሲሰማ የተናጋሪው ከንፈር ይታይ እንደሆነ ይዩ። «ያ ቁጥር ተዘግቷል» ሲባል ማያው ላይ ያለው የአለቃው ጀርባ ነው።